ተኩሶ መደንገጥ

ጥቅምት 18 ቀን። ትንሿ ልጅሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትተኩሰው ልብስ አይደለም።

እማዬ፣ ይኼን ያስቀደምኩት ሰላምታ ጠፍቶኝ አይደለም። ደብዳቤሽን ስከፍት ከሰላምታሽ ቀድሞ ቁጣሽ ስለተቀበለኝ፣ መልሴም ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስሽ ብዬ ነው። አሁን ሰላምታው ይከተል። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ስትወጪ ግድግዳውን ትይዣለሽ ወይስ አሁንም ኩራትሽን ይዘሽ ነው የምትወጪው? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ሐኪሙ የሰጠሽን ጠብታ ትጨምሪያለሽ ወይስ ጠርሙሱን መስኮት ላይ አስቀምጠሽ ታይዋለሽ? ጉሮሮሽን አልጠይቅም፤ ደህና መሆኑ እዚህ ድረስ ተሰምቶኛል። እኛ ደህና ነን። የእኔ እግር ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይጎድላል፤ ቆሞ የሚውል ሰው እግር ነው፣ ምን ይደረግ። ትንሿም ደህና ናት። ይኼን ቃል እጄ ሳያመነታ የጻፍኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ዛሬ ነው።

ወንድሜ፣ የምታነብላት አንተ ነህና አደራህን። እንዳትዘል። ከዚህ በታች ጠመንጃ የሚል ቃል ይመጣል፤ እዚያ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ አታድርግ፣ ቀድመህም አትሳቅ። እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ቁጭ በዪ። ቁጭ ብለሻል? እንግዲያው ልጀምር።

ባለፈው ደብዳቤዬ «ትንሿ ቅዳሜ ቅዳሜም መተኮስ ጀምራለች፤ ደስ ብሏታል» ብዬሽ ነበር። አንቺ ምን ብለሽ መለስሽ? «የታመመች ልጅ በዕረፍቷ ቀን ካውያ አስጨብጠሽ ደስ ብሏታል ትያለሽ? አንጀትሽ ከምን ተሠራ? የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ወንድምሽ መጥቶ ይዟት ይመለሳል፤ ሻንጣዋን አዘጋጂ።» አንብቤ ስጨርስ እሷም አነበበችው። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣችና አየችው፤ መልሳ አስገባችው። ዛሬ ይኼን የምጽፍልሽ ሻንጣው ከአልጋ ሥር እንዳይወጣ ነው።

አልፈርድብሽም። ሁለት ልጆችሽ ልብስ በመተኮስ የሚያድሩ ሆነው ሳለ፣ ትተኩሳለች ስልሽ ሌላ ምን ሊመስልሽ ይችላል? ጥፋቱ የቃሉ ነው። ልብስም ይተኮሳል፣ ጥይትም ይተኮሳል። እኛም ራሳችን የተሳሳትነው እዚሁ ላይ ነው፤ ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

የእንፋሎት ቧንቧው ፈነዳ ብዬ የጻፍኩልሽ ጊዜ ማንም አልተቃጠለም ማለቴ እውነት ነው። ቧንቧው የሚያልፈው በትንሿ ጠረጴዛ ጀርባ ነበር፤ የፈነዳው ደግሞ እሷ ኮሌታ ላይ አጎንብሳ ሳለ። ግድግዳው ረጠበ፣ የተሰቀለው ሸሚዝ ሁሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ፣ እሷን ግን ጠብታ አልነካትም። እንኳን ተረፍሽ አልናት፣ ሻይ አጠጣናት፣ በማግሥቱ ሥራ ገባን። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው አጉል ያሳጠርኩልሽ። በር ሲዘጋ ትዘላለች። ማንኪያ ሲወድቅ ትዘላለች። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ» ከማለቷ በፊት ትዘላለች። ካውያ ይዛ ስትዘል ደግሞ እሷ ትሄዳለች እንጂ ካውያው ካለበት አይሄድም። የአንድ ሙሽራ ሸሚዝ ጀርባው ላይ የካውያ ማኅተም ተመቶበት ቀረ። ሙሽራው ኮቱን ሳያወልቅ ሠርጉን ጨረሰ አሉ።

አሠሪያችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሸሚዝ መተካት ግን አይወድም። ከጠረጴዛዋ አንስቶ ጥግ ላይ አቆማት፤ ተተኩሶ ያለቀ ልብስ በላስቲክ መሸፈን ሥራዋ ሆነ። «ላስቲክ ድምፅ የለውም» አለ። እማዬ፣ ያቺ ልጅ ኮሌታ ስትተኩስ አይተሽ አታውቂም። ጨርቁን ሳትጎትተው ራሱ የሚዘረጋላት ይመስላል። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከበለጠችኝ ቆይታለች። እሷን ላስቲክ ሥር ማስቀመጥ ጥሩ ድምፅ ያለውን ሰው በር እንዲዘጋ መቅጠር ነው። ባልደረቦቻችን «በርጋጊት» ብለው ስም አወጡላት። በፍቅር ነው፤ ቢሆንም ስም ስም ነው። ቤት ስንገባ ቶሎ ትተኛለች፣ ገበያ ነይ ስላት ራሴን አመመኝ ትላለች። አንቺም ከዚያው ሆነሽ ስሜቷ ገብቶሽ «መልሺልኝ» ማለት ጀመርሽ።

እንዲህ ሳለን አሠሪያችን አዲስ የእንፋሎት መተኮሻ ማሽን አመጣለሁ አለ። ማሽኑን የምታውቅ ጠረጴዛዋ ላይ ትቆያለች፣ የማታውቅ ግን ትማራለች ወይ ትሸፍናለች። በዚያው ሰሞን ከልብስ መቀበያው ባንኮኒ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። «ለሴቶች ብቻ። የተኩስ ሥልጠና። ልምድ አያስፈልግም። መሣሪያ እኛ ጋ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከስፖርት ሜዳው ጀርባ ባለው አዳራሽ።»

የለጠፈችው የጥርስ ሐኪም ናት። ነጭ ካፖርቶቿን እኛ ጋ ነው የምታሳጥበው። ከልብስ ተቀባይዋ ጋር የተነጋገሩትን በኋላ ነው የሰማነው፤ እስካሁን እያስደገምናት እንስቃለን። ሐኪሟ ገብታ «ተኳሽ ሴቶችን ነበር የምፈልገው፤ ጀማሪም ቢሆኑ» አለቻት። ተቀባይዋ «ጀማሪ ለምን? ጓዳው ሙሉ ተኳሽ አለ፣ ያውም ሁሉም ሴቶች» አለች። «እዚህ? የት ተማሩት?» «እዚሁ ነዋ፤ ቆመው።» «ቆመው!» ሐኪሟ አፏን ያዘች። ለካ ጠመንጃ ቆሞ መተኮስ ተኝቶም ተቀምጦም ከመተኮስ ይከብዳል። ተቀባይዋ የመደነቋ ምክንያት ሳይገባት ጨመረችበት፦ «አንዷ ብቻ ትደነግጣለች እንጂ ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነውም ይተኩሳሉ።» ሐኪሟ ይኼን ከሰማች በኋላ ቅዳሜን እንዴት እንደጠበቀችው እግዜር ይወቅ።

እኛ ዘንድ ከሁሉም ትልቋ እትዬ እንፋሎት ናት። ስሟ አይደለም፤ ስትናገር ስለምትፋጅ ነው። ወረቀቱን አንብባ ጦፈች። «ልምድ አያስፈልግም? እኔን ነው? የስንቱን ዳኛ ካባ፣ የስንቷን ሙሽራ ቬሎ የተኮስኩትን ሴትዮ! ደግሞ መሣሪያ አለን ይላሉ። የሰው መሣሪያ አላምንም፣ የራሴን ይዤ ነው የምሄደው።» እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ነበር። ትንሿ አዲሱን ማሽን ከሁሉም ቀድማ ከተማረች አሠሪያችን ወደ ጠረጴዛዋ ይመልሳታል ብዬ አሰብኩ። በልመና ነው ይዣት የሄድኩት።

እትዬ እንፋሎት ካውያዋን በፎጣ ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። የአዳራሹ ዘበኛ በር ላይ አስቆመንና «ፎጣው ውስጥ ምንድነው?» አላት። «መተኮሻዬ» አለች። ዘበኛው ወደ ኋላ አለ። «ከቤት ይዘሽው መጣሽ? በአውቶቡስ?» «ታዲያ ተሸክሞኝ ይምጣ?» «ጎርሷል?» ጠመንጃ ጥይት ሲገባበት ጎረሰ እንደሚባል እኛ በምን እናውቃለን። እሷ ደግሞ ካውያው ባለ እንፋሎት ነው፣ ውኃ ይሞላል። «አሁን ባዶ ነው፤ ውስጥ ስገባ አጎርሰዋለሁ» አለችው። «ስንት ጊዜ ሆነሽ ከያዝሽው?» «ከባሌ በፊት ነው የያዝኩት። ከባሌም ይበልጥ ታዞኛል።» ዘበኛው «እናቴ፣ ቀስ ብለሽ መሬት ላይ አስቀምጪው፤ አፉን ወደ ግድግዳ» አለ። «አፍ የለውም፤ ሹል ነው» አለችና ፎጣውን ፈታችው። የኤሌክትሪክ ገመዱ ተዘርግፎ እግሩ ላይ ወደቀ። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

ሐኪሟ ከውስጥ ወጣች። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። «ተኳሾቹ! ቆማችሁ የምትተኩሱት!» ብላ እጃችንን ጨበጠች። አዳራሹ ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፤ ከወዲህ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፣ ከወዲያ ጫፍ ግድግዳው ሥር መኻላቸው ጥቁር ክብ ያለባቸው ነጫጭ ወረቀቶች ተሰክተዋል። እትዬ እንፋሎት ዙሪያውን አየችና «ማሽኑ የት አለ?» አለች። ሐኪሟ መደርደሪያውን አሳየቻት። ጠመንጃዎች። እትዬ እንፋሎት ካውያዋን አቀፈች። «በዚህ ነው ኮሌታ የሚተኮሰው?» አለች፤ እውነቷን ነው የጠየቀችው።

በዚህ መኻል ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዷ ሴት ተኮሰች። ትንሿ ከኋላዬ ገብታ መቀነቴን አንቃ ያዘችው፤ ትንፋሽ አጠረኝ። ሐኪሟ ነገሩ ሲገባት እየሳቀች ጠረጴዛ ላይ ተደፋች፤ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ እንደገና ሳቀች። «ከመጣችሁ አይቀር አንዳንድ ጊዜ ሞክሩ» አለችን። እኔ ግን እንሂድ አልኩ። ለዚች ልጅ ከዚህ የከፋ ቤት የትም የለም፤ ድምፅ የሚሸጥበት ቤት ነው። ክንዷን ይዤ ወደ በሩ ዞርኩ።

እሷ ግን አልዞረችም። ከኋላዬ ሆና ሐኪሟን «ከመተኮሱ በፊት ይነገራል?» አለቻት። ሐኪሟ «ለሌላው ሰው ተኩስ ተብሎ ይነገራል። መቼ እንደሚጮህ የምታውቀው ግን ተኳሿ ብቻ ናት» አለች። ትንሿ «እንግዲያው ተኳሿ እኔ ልሁን» አለች።

እማዬ፣ እዚህ ላይ «እሪ» እንደምትዪ አውቃለሁ። በዪና ጨርሺ፤ ወንድሜ ይጠብቅሻል።

ጨረስሽ? ጠመንጃ ስልሽ ሰውም አውሬም የሚነካበት ነገር አይምሰልሽ። የምንተኩሰው ወረቀት ነው። ጠመንጃዎቹ ከአዳራሹ አይወጡም፣ ቁልፉ ከሐኪሟ አንገት አይወርድም። ዓይናችን ላይ መነጽር፣ ጆሯችን ላይ ወፍራም መሸፈኛ አለ። የመጀመሪያው ቀን ጥይት ሳንነካ ደንብ ብቻ ተማርን። ሁልጊዜ እንደጎረሰ ቁጠሩት አለችን፤ ባዶ ነው ቢሏችሁም አትመኑ። አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ። ሳትፈልጉት ጣታችሁን ከቃታው አርቁ። ጥላችሁት አትሂዱ። እትዬ እንፋሎት ይኼን ሁሉ ሰምታ «ይኼማ የካውያ ሕግ ነው!» አለች። እውነት እኮ ነው። ሁልጊዜ እንደጋለ ቁጠሩት፣ ጠፍቷል ቢሏችሁም አትመኑ፣ ፊቱን ደፍታችሁ አትሂዱ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ቤተኛ ሆንን። ሐኪሟ «አሁን አጉርሱት» ስትል እትዬ እንፋሎት «እምቢ ካለስ እንደ ልጅ አታልዬ ነው?» እያለች ታስቀናለች።

አተኳኮሳችንን ልንገርሽ። ጠመንጃው የአሸዋ ከረጢት ላይ ይተኛል፣ አንቺ ትቀመጫለሽ፣ ሰደፉን ትከሻሽ ላይ ታደርጊያለሽ፣ ትንፋሽሽን ግማሹን አውጥተሽ ግማሹን ትይዣለሽ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሐኪሟ «አፍሽን ዝጊ» አለችኝና ራሷ ሳቀች፤ በሥራዋ ላይ ተናግራው የማታውቀው ቃል ነው። እትዬ እንፋሎት ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና ተኮሰች፤ ተቀባይዋ አልዋሸችም ማለት ነው። የእሷ ወረቀት ደህና ነው፣ የጎኗ ሴትዮ ወረቀት ግን ተበሳ። «ጎረቤት ካልተነካካ ምኑን ጎረቤት ሆነ» አለች። እኔ ግድግዳውን መታሁ። ደግሜም ግድግዳውን መታሁ።

ሐኪሟ አንድ ተንኮል አላት። ዘወር ብላ ጠመንጃውን ታጎርስና ትሰጥሻለች፤ አንዳንዴ ግን ምንም ሳታጎርስ ጎርሷል ብላ ትሰጥሻለች። ለእኔ እንዲህ ያለውን ሰጠችኝ። ቃታውን ሳብኩ፤ ቀጭ አለና ዝም። አፈሙዙ ግን ውኃ እንደምትጠጣ ዶሮ አንገቱን ደፍቷል። «አየሽ? ጥይት ሳይኖር ደነገጥሽ» አለችኝ። «ግድግዳ የምትመቺው ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ የሚደነግጠው ከተኩሱ በፊት ነው።»

ቀጥሎ ትንሿ ተቀመጠች። ጠመንጃውን ስትይዝ ዓይኔን አላመንኩም፤ ኮሌታ የምትይዝበት አያያዝ ነው፣ ሳትጨብጥ። ሐኪሟ ባዶውን ሰጠቻት። ቀጭ። አፈሙዙ ወዴትም አልሄደም። ትንሿ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ቀና ብላ «አለቀ?» አለች። ሐኪሟ አጎረሰችላትና ሰጠቻት፤ ይቺን ጊዜ ግን እጇን ከሰደፉ አላነሳችም። ትንሿ ትንፋሿን አወጣች። ጠመንጃው ጮኸ። ወረቀቱ ላይ፣ ጥቁሩ ክብ ውስጥ፣ አንድ ቀዳዳ። ከዚያ፣ ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ፣ ልጅሽ ደነገጠች። ምን ደነገጠች፣ በረረች እንጂ። ወንበሩ ተገለበጠ፣ መነጽሯ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ፣ እሷ እኔ ላይ አረፈች። ሁላችንም ሳቅን፤ ከሁላችንም በላይ የሳቀችው ሐኪሟ ናት። «ይቺ ልጅ ከተኩሱ በኋላ ነው የምትደነግጠው! እኔ ስንቱን ከተኩሱ በፊት አትደንግጡ እያልኩ አስተምራለሁ፣ እሷ ከቤቷ ተምራ መጣች!»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እኛ የሚመጣውን እያሰብን ነው የምንደነግጠው። ያ ቧንቧ ግን ለትንሿ ሳይነግራት ነው የፈነዳው፤ ከዚያ ወዲህ ነገር አስቀድሞ ይነግረኛል ብላ አትጠብቅም። ሲመጣ ብቻ ነው የምትደነግጠው። ያኔ ደግሞ ጥይቱ ሄዷል።

ሐኪሟ አጠገቧ ተቀመጠችና እንዲህ አለቻት፦ «አትደንግጪ አልልሽም። ብትደነግጪ ጥይቱ ተመልሶ አይመጣም። ቅደም ተከተሉን ብቻ አስተካክዪ። ጣትሽን አውጪ። ጠመንጃውን አስተኚ። እጅሽን ሰብስቢ። ከዚያ እንደፈለግሽ ደንግጪ።» ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ የተለማመደችው ይኼንኑ ነው። ትተኩሳለች፣ ጣቷን ታወጣለች፣ ታስተኛለች፣ እጇን ትሰበስባለች፣ ዝላይ። ወደ መጨረሻው ግድም በጠረጴዛዎቹ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዝላይዋን እየጠበቁ ያጨበጭቡ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ የአውቶቡሱ በር ጓ ብሎ ሲዘጋ እንደ ወትሮዋ ዘለለች። ከዚያ «ይኼን እኔ አልተኮስኩትም» ብላ ሳቀች። በራሷ ስትስቅ ከዚያ ቧንቧ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም።

እንዲህ ሆነን ቅዳሜን ለመድነው። እትዬ እንፋሎት አሁን አንድ ዓይኗን ትከፍታለች። ባሏ «የት ዋልሽ?» ሲላት «ስተኩስ» ትለዋለች። «ቅዳሜም? ይኼ አሠሪያችሁ እኮ ጨካኝ ነው» ብሎ እግሯን በሙቅ ውኃ ያጥብላታል። እስከ ዛሬ አላስረዳችውም። «አልዋሸሁትም፤ እግሬም እሱን አልጠላም» ትላለች። አንቺም ልክ እንደ ባሏ ተቆጥተሽ የጻፍሽውን ደብዳቤ ስታነብ «እናትሽ ከባሌ ጋር አንድ ናቸው» አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ አዲሱ ማሽን መጣ። አንዷ ተኳሽ ልጇ ታሞባት ስለቀረች፣ አሠሪያችን ሳይወድ በግዱ ትንሿን ጠረጴዛ ላይ አቆማት። ራሱ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ ከሸሚዙ አይነሳም። ማሽኑ ሲሞቅ ትርፍ እንፋሎቱን ሊያስወጣ ሳይታሰብ አንዴ ፏ ብሎ ጮኸ። እማዬ፣ የዚያ ቧንቧ ድምፅ ነው፣ ራሱ። እትዬ እንፋሎት ጠረጴዛ ሥር ገባች። ተቀባይዋ ከነልብሱ ወደ መንገድ ወጣች። አሠሪያችን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም።

ትንሿን ግን አየኋት። ካውያውን ከኮሌታው ላይ አነሳች። በቂጡ አቆመችው። እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ዘለለች፤ ምን ዓይነት ዝላይ መሰለሽ፣ መስቀያው ሁሉ ከነሸሚዙ ተከትሏት ወረደ።

የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። አሠሪያችን ሮጦ የእሷን ኮሌታ አነሳ፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው። ነጭ ነው። አፍንጫውን እየተከተለ ወደ እኔ መጣ። ካውያዬ ከአንድ ጠበቃ ሱሪ ጉልበት ላይ ተኝቶ ይጨሳል። ሱሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ትንሿን አየ። ሳይቆጣ ነው የተናገረው። «አንቺ እዚያው ጠረጴዛሽ ላይ ቆዪ» አላት። እኔን ደግሞ «አንቺ እስክትረጋጊ ላስቲክ ትሸፍኛለሽ» አለኝ። ስለዚህ ይኼን ደብዳቤ የምጽፍልሽ የትንሿ ከነበረው ጥግ ሆኜ ነው። ለጊዜው ነው ብሏል። በርጋጊት የሚለውም ስም ከጥጉ ጋር ወደ እኔ ዞሯል። ከልጅሽ እንደወረስኩት ቁጠሪው።

አልዋሽሽም፤ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ትሆናለችም አልልሽም። አንቺ ጋ ብትመጣም በር ይዘጋል፣ ማንኪያ ይወድቃል፣ እሷም ትዘላለች። ልዩነቱ እዚህ የያዘችውን አስቀምጣ መዝለል መማሯ ነው። እዚያ ይዘሽ ብታስቀምጫት ምን ይዛ ምኑን ታስቀምጣለች? ገበያም መሄድ ጀምራለች፤ ባለፈው ሳምንት ከሽንኩርት ሻጩ ጋር ተጨቃጭቃ አሸንፋ መጣች። ደስ ያለኝን ደስታ አልነግርሽም።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ወንድሜ ይመጣል ያልሽበት ዕለት፣ አዳራሹ ውስጥ የጀማሪዎች ግጥሚያ አለ። ከሌላ ሠፈር ሴቶችም ይመጣሉ። ሐኪሟ ትንሿን ከሁሉም ቀድማ መዝግባታለች። ትቅደም አትቅደም አላውቅም፤ የምትመታው ግድግዳ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ወንድሜ ይምጣ እንጂ አይቅር። ሊወስዳት ሳይሆን ሊያጨበጭብላት ይምጣ። አንድ የመመለሻ ቲኬት ብቻ ይቁረጥ። ጥጥ ጆሮው ውስጥ ያድርግ፤ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ዘበኛው «ምን ይዘሃል?» ካለው «ምንም» ይበል፣ ቀልድ እንዳይጨምር፤ ሰውዬው ከእትዬ እንፋሎት ወዲህ ልቡ አልተመለሰም።

ከዚህ ጋር የታጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ። ቀዳዳዎቹ የአይጥ አይደሉም። ጥቁሩ ውስጥ ያሉት የእሷ ናቸው። ከጥቁሩ ውጭ፣ ጥጉ ላይ ያለችው አንዲት ቀዳዳ የእኔ ናት፤ ግድግዳውን ትቼ ወረቀቱን ስለመታሁ ብቻ ያስቀሩልኝ ናት። መስኮት ላይ ከጠብታው ጎን ለጥፊውና ጠብታውን ስታይ እሱንም እዪው፤ ጠብታውን ከጨመርሽ ደግሞ በደንብ ይታይሻል።

ለወንድሜ ሚስት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ወገቧ እንዴት ሆነላት? ከባድ ነገር አታንሺ በሏት፣ እሱ ያንሳ። ትልቋን ልጃቸውን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ቁመቷን ከበሩ መቃን ላይ ለክታችሁ ጻፉልኝ። ለአክስቴ በሚሰማው ጆሮዋ በኩል ሰላም በሉልኝ፤ በማይሰማው በኩል ብታወሩላት ሰማሁ ትላለች እንጂ አልሰማችም። ላይኛው ቤት ላሉት ጎረቤታችን ጉልበታቸውን ጠይቁልኝ። ወንድሜ፣ አንተን ቅዳሜ በዓይኔ አይሃለሁ፤ ያኔ ሰላም እንባባላለን። እማዬ፣ አንቺን ግን ሰላምታ አይበቃሽም። ጉልበትሽን ስሜዋለሁ፤ መልስሽን በወንድሜ አፍ ላኪልኝ፣ ቁጣ ካለበትም ልብሽ እንዳሻው ይሁን፣ እናነበዋለን።

ከላስቲክ መሸፈኛው ጥግ፣ በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ።

ይኼን ቆሜ ነው የምጨምረው። የሐኪሟን ካፖርቶች አድርሰን ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጥተን ወደ አዳራሹ ልንሄድ ነው፤ ነገ ማታ ይደርሳችኋል ብሎኛል። ትንሿ ካፖርቶቹን በክንዷ ይዛ ስትወጣ ነፋስ በሩን ወስዶ ጓ አደረገው። ካፖርቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስተኛች። እጇን ሰበሰበች። ዘለለች። አሁን ደግሞ አንስታቸው በር ላይ ቆማ «ነይ እንጂ በርጋጊት፣ ሾፌሩ ይሄዳል» ትለኛለች። ፖስታውን እየሄድኩ አሽገዋለሁ። ወጣሁ።